ከሞስኮ ሴንት ፒተርስበርግ በመርከብ፦ የሚከፈለው ለመሃሉ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ሩሲያ የወንዝ ሽርሽር የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ስለ ሞስኮ አደባባዮችና ስለ ሴንት ፒተርስበርግ ቤተ መንግሥቶች የተባለው ጥሩ ነው። በሁለቱ መካከል ስላለው ጉዞ ግን «መርከቡ በቮልጋ ላይ እየተንሳፈፈ ያደርሳል» ከማለት ያለፈ ነገር የለውም። ሁለቱን ከተሞች ብቻ ማየት ለሚፈልግ ሰው ሳፕሳን የሚባለው ፈጣን ባቡር አለለት፤ በአራት ሰዓት ገደማ ያደርሰዋል። በውሃ ግን መንገዱ ከ1,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ያን ሁሉ ቀን መርከብ ላይ የሚያሳልፍ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው በመካከል ላለው ነው፤ ትኬት ሲገዛም አብጠርጥሮ ማየት ያለበት እሱኑ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲጀመር መንገዱ ቮልጋ ብቻ አይደለም፤ ሞስኮም ቮልጋ ዳር አይደለችም። መርከቡ የሚነሳው ከሰሜኑ የወንዝ ጣቢያ ነው። ከዚያ 128 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የሞስኮ ቦይ ይጓዝና ዱብና ላይ ቮልጋን ያገኛል። ቦዩ በ1937 የተከፈተ ሲሆን የቆፈሩት በአብዛኛው የስታሊን ዘመን እስረኞች ናቸው። በቮልጋ እስከ ሪቢንስክ ከወረደ በኋላ በሼክስና ወንዝና በነጭ ሐይቅ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ቀጥሎ የቮልጋ-ባልቲክ ቦይ፣ የኦኔጋ ሐይቅ፣ የስቪር ወንዝ፣ የላዶጋ ሐይቅ፣ በመጨረሻም የኔቫ ወንዝ ይመጣሉ። ይህ ሁሉ ውሃ አንድ ከፍታ ላይ ስላልሆነ መርከቡ 16 ጊዜ በሽሉዝ ውስጥ ያልፋል።

ሽሉዝ ማለት ከፊትና ከኋላ ግዙፍ የብረት በር ያለው የኮንክሪት ገንዳ ነው። መርከቡ ገብቶ በገመድ ይታሰራል፤ ከኋላው ያለው በር ይዘጋል፤ ቧንቧ ተከፍቶ ውሃው ሲወጣ መርከቡ አብሮ ይወርዳል፣ ሲገባም ይነሳል። ለዚህ ፓምፕ አያስፈልግም፤ ውሃው የሚንቀሳቀሰው በራሱ ክብደት ነው። በሞስኮ ቦይ ገንዳው 290 ሜትር ርዝመትና 30 ሜትር ስፋት አለው። ከሞስኮ ሲወጣ ተከታታይ አምስት ሽሉዞች መርከቡን እያንዳንዳቸው 8 ሜትር ያህል ያወርዱታል። በዚያው ቦይ ግን ለዋና ከተማዋ የሚጠጣው ውሃ በአምስት የፓምፕ ጣቢያዎች ሽቅብ ይገፋል። መርከብ ይወርዳል፣ ውሃ ይወጣል። ሦስተኛው ሽሉዝ ማማ ላይ የኮሎምበስን መርከብ የሚመስሉ የመዳብ ቅርጾች አሉ፤ የመነሻው ምሽት ድግስ ላይ ያለ ተጓዥ ሳያያቸው ያልፋል።

የመንገደኛ መርከብ በሽሉዝ ላይ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ቢሆንም የጭነት መርከብ ገንዳው ውስጥ ከቀደመ መጠበቅ ግድ ነው፤ ፕሮግራሙም ይንሸራተታል። መርከቡ የባከነውን ጊዜ የሚያካክሰው ወደብ ላይ የሚቆምበትን ሰዓት በመቁረጥ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለት ቦታ እቆማለሁ የሚል ፕሮግራም ስታዩ ሁለተኛውን እንደሚገኝ ነገር አትቁጠሩት።

የመጀመሪያው ዋና ማረፊያ ኡግሊች ነው። ከዚያ በፊት ካልያዚን ላይ 74 ሜትር የሚደርስ የደወል ቤት ከውሃ መካከል ብቻውን ቆሞ ይታያል። የኡግሊች ግድብ ሲሞላ ቤተ ክርስቲያኑም የከተማው አሮጌ ክፍልም በውሃ ተውጠው እሱ ብቻ ቀርቷል። ብዙዎቹ መርከቦች እዚያ ስለማይቆሙ የሚታለፍበትን ሰዓት ከአስጎብኚው ጠይቆ ሰገነት ላይ መውጣት ነው። ኡግሊች ላይ የሩሲያው ንጉሥ የኢቫን አስፈሪው ልጅ ድሚትሪ በስምንት ዓመቱ ግንቦት 15 ቀን 1591 ሞቶ ተገኘ። ተገደለ ወይስ በገዛ ቢላዋው ላይ ወደቀ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ሕዝቡን ለአመፅ የጠራው ደወል ተገረፈ፣ ምላሱ ተነቀለ፣ ወደ ሳይቤሪያ ቶቦልስክም ተጋዘ። የተመለሰው በ1892 ነው፤ አሁን ለልዑሉ መታሰቢያ በተሠራው ቀይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይገኛል። ከወደቡ በእግር ይደረሳል፤ ለዚህ አውቶቡስ የሚያስከፍል ካለ አትክፈሉ።

ያሮስላቭል ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከተማዋ በቀጥታው መስመር ላይ አይደለችም። መርከቡ በሪቢንስክ ሽሉዝ ወደ ታች ወርዶ ይደርስባትና በዚያው ሽሉዝ ተመልሶ ይወጣል፤ 16 የነበረው 18 ይሆናል፣ አንድ ቀን ገደማም ይሄዳል። የነቢዩ ኤልያስ ቤተ ክርስቲያን በ1680 የተሣሉ ግድግዳዎች ግን ይህን ይክሳሉ። ጉዞው ከ10 ቀን በላይ ከሆነ ያሮስላቭል ይግባ። ስድስት ወይም ሰባት ሌሊት ብቻ ከሆነ ይቅር፤ ያ ቀን ለሰሜኑ ያስፈልጋል።

የሪቢንስክ ሰው ሠራሽ ሐይቅ 4,580 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከጣናችን ይሰፋል። ከ1941 ጀምሮ ሲሞላ ሞሎጋ የምትባል ከተማንና በመቶዎች የሚቆጠሩ መንደሮችን አስጥሟል፤ ወደ 130,000 ሰው ተፈናቅሏል። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ተማቺ ነው። ሆዱ የሚታወክበት ሰው መድኃኒቱን መናወጡ ከመጀመሩ በፊት ይውሰድ።

አሁን ወደ ጎሪትሲ። በጉዞ ወኪሎች ወረቀት ላይ «የገዳም ጉብኝት» ተብሎ በአንድ መስመር የሚታለፈው ይህ ማረፊያ የጉዞው ግማሽ ዋጋ ነው። ከወደቡ 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ርቆ በ1397 የተመሠረተው የኪሪሎ-ቤሎዜርስኪ ገዳም አለ። ሐይቅ ዳር ያለ ገዳም ነው ሲባል ትንሽ ነገር የጠበቀ ሰው ይደነግጣል፤ የምሽግ ግንብ ያለው ከተማ ያህላል። መደበኛው ጉብኝት እዚያ ያበቃል። ከኪሪሎቭ ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ፌራፖንቶቮ ግን ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበት አማራጭ ነው። ክፈሉ። ዲዮኒሲ የተባለው ሠዓሊ ከልጆቹ ጋር በ1502 የእመቤታችንን ልደት ቤተ ክርስቲያን ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ ጉልላቱ በሥዕል ሸፍኖታል፤ ሥራውም ሳይቀባባ በመጀመሪያው ቀለሙ ደርሶናል። ዩኔስኮ በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የጎንደርን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቀና ብሎ ያየ ሰው የዚህንም አሳሳል ያለ አስተርጓሚ ይከተለዋል። ችግሩ እርጥበት ነው፦ ዝናብ ሲበዛ ሥዕሉን ለመጠበቅ ቤተ ክርስቲያኑ ሊዘጋ ይችላል፤ በአንድ ጊዜ የሚገባውም ሰው የተወሰነ ነው። ክፍያው በዚያ ቀን ተመላሽ ይሆን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የገዳማቱ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሴት ፀጉሯን ትሸፍናለች፤ ነጠላ ከበቂ በላይ ነው። ሱሪ ለለበሰች ሴት ብዙ ቦታ በር ላይ የሚታሰር ጨርቅ ይሰጣል። ወንድ ቁምጣ አይለብስም፣ ኮፍያውንም ያወልቃል። ጫማ አይወለቅም። ሥጋ ወደሙ ግን አንቀበልም፤ በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መካከል የቁርባን አንድነት የለም።

ከነጭ ሐይቅ በኋላ በ1964 የተከፈተው የቮልጋ-ባልቲክ ቦይ ይመጣል። ወደ ኦኔጋ የሚወርዱት ስድስት ሽሉዞች እዚህ ናቸው፤ ሦስቱ ኖቪንኪ አጠገብ እንደ ደረጃ ተከታትለው ተሠርተዋል። ይህን በቀን ማለፍና ተኝቶ ማለፍ አንድ አይደለም። የትኛው ጉዞ ላይ በቀን እንደሚታለፍ ሻጩ ሊነግራችሁ ይገባል፤ የመርከቡ ፕሮግራም ላይ በሰዓት ተጽፏልና።

በኦኔጋ ሐይቅ ውስጥ ባለችው ኪዢ ደሴት ላይ ያለው የደብረ ታቦር ቤተ ክርስቲያን በ1714 የተሠራ ነው፦ 22 ጉልላት፣ 37 ሜትር ቁመት፣ ሙሉ በሙሉ እንጨት። «ያለ አንድ ሚስማር የተሠራ» የሚለው የአስጎብኚዎች ተረት በግማሹ ብቻ እውነት ነው። የግድግዳው የጥድ ግንዶች ጫፍ ለጫፍ ተቦርቡረው ነው የተጋጠሙት። ጉልላቶቹን የለበሱት ወደ 30,000 የሚጠጉ ትናንሽ የእንጨት ቅርፊቶች ግን በሚስማር ተመትተዋል። እነዚህ ቅርፊቶች አዲስ ሲሆኑ ወርቃማ ናቸው፤ በዝናብና በፀሐይ ብርማ ይሆናሉ። ረጅሙ እድሳት የተካሄደበት መንገድ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሕንፃውን አፍርሰው አልገጣጠሙትም፤ ውስጡ በተተከለ የብረት መዋቅር የላይኛውን ክፍል አንጠልጥለው፣ ግድግዳውን በሰባት ደርብ ከፍለው፣ ከታች ጀምረው የበሰበሱትን ግንዶች እየለወጡ ወጡ። ይህ ቤተ ክርስቲያን ማሞቂያ የሌለው የበጋ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አጠገቡ ያለው ባለ ዘጠኝ ጉልላቱ የክረምቱ ነው።

የኪዢ ክብረ በዓል በአውሮፓውያኑ ነሐሴ (ኦገስት) 19 ቀን ይውላል፤ የእኛው ነሐሴ 13፣ ቡሄ ማለት ነው። በዚያ ቀን ደሴቱ ላይ የሚያርፍ ጉዞ ከተገኘ ይያዝ። ጊዜው ግን ፍልሰታ ስለሆነ የሚጾም ሰው አስቀድሞ ለመርከቡ ወጥ ቤት ማሳወቅ አለበት። «ፖስትኖዬ» ሲባል ሩሲያውያን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት የጾም ምግብ መሆኑን ወዲያው ይረዳሉ። በእነሱ ሥርዓት በደብረ ታቦር ቀን ዓሣ ስለሚፈቀድ ግን ዓሣም እንደማትፈልጉ ለይታችሁ ንገሩ። ደሴቱ ላይ ከእንጨት መንገዱ ወጥቶ ሣር ውስጥ መግባት አይመከርም፤ እፉኝትም መዥገርም አለ። በሐምሌ አጋማሽም ቢሆን ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ጃኬት ያስለብሳል።

ኦኔጋና ላዶጋ የሐይቅ ስም ይኑራቸው እንጂ ባሕር ናቸው፤ በአውሮፓ ሁለተኛውና አንደኛው ሐይቆች። ላዶጋ 17,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። የሩሲያ የወንዝ መርከቦች ሊቋቋሙት በሚችሉት የማዕበል ከፍታ በፊደል ይመደባሉ፦ «ኦ» እስከ 2 ሜትር፣ «ኤም» እስከ 3 ሜትር። ካፒቴኑ ከዚያ በላይ ከሆነ አይወጣም፤ ኪዢ ወይም በላዶጋ ደሴት ላይ ያለው የቫላም ገዳም ይሰረዝና ሌላ ቦታ ይተካል። ውሉ ይህን ስለሚፈቅድ ገንዘብ አይመለስም። ወደ መስከረም በተጠጋ ቁጥር ነፋሱ ይበረታል፤ ስለዚህ ኪዢን ብሎ የሚሄድ ሰው ሰኔና ሐምሌን ይምረጥ። ሰኔ ላይ ሌሊቱ ስለማይጨልም ለዓይን መሸፈኛ፣ ወባ የማያመጡትን ግን የሚያሳክኩትን ትንኞች የሚያባርር ቅባትም ያስፈልጋል።

ይኸው የላዶጋ ማዕበል ነው ታላቁ ጴጥሮስ ከሐይቁ ዳር 117 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቦይ እንዲቆፈር ያዘዘበት ምክንያት። በ1719 ተጀምሮ በ1731 አለቀ። በ1750ዎቹ የዚህን ቦይና የክሮንሽታድትን የባሕር ምሽግ ግንባታ ከመሩት አንዱ የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል ነበር። እኛ ኢትዮጵያዊ ነው እንላለን፤ ከካሜሩን አካባቢ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። የመርከቡ አስጎብኚ ይህን አያነሳም፤ ጠይቁት።

በኦኔጋና በላዶጋ መካከል በስቪር ወንዝ ላይ ማንድሮጊ የሚባል መንደር ላይ ይቆማል። ለቱሪስት ሲባል በ1990ዎቹ የተሠራ ነው። እግር ለማፍታታት ይሆናል።

መርከቦቹን በተመለከተ፦ በዚህ መስመር ላይ ካሉት ትልልቆቹ በአብዛኛው በ1970ዎቹና 80ዎቹ በምሥራቅ ጀርመን ቦይዘንቡርግ የተሠሩ ናቸው። አራት ደርብ ያላቸው፣ ከ125 እስከ 129 ሜትር የሚረዝሙ ናቸው። ዕድሜው ብቻውን አያስፈራም፤ መጠየቅ ያለበት መቼ እንደታደሰና ማን እንደሚያንቀሳቅሰው ነው። ሐምሌ 10 ቀን 2011 በኩይቢሸቭ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ «ቡልጋሪያ» የተባለች መርከብ ሰጥማ 122 ሰው አልቋል። ያጋደለች ሆና፣ አንድ ሞተሯ ሳይሠራ፣ የታችኛው ደርብ ክብ መስኮቶች ተከፍተው ነበር የተነሳችው። እስከ ዛሬ በታችኛው ደርብ መስኮት እንዳይከፈት ሠራተኞች የሚቆጡት ለዚህ ነው። የታችኛው ደርብ ክፍል ርካሽ ነው፤ ግን አየር ማቀዝቀዣ ከሌለው በሐምሌ አይወሰድ። ከኋላ በኩል የሞተር ድምፅ አለ፣ ከፊት ደግሞ የመልሕቅ ሰንሰለት። ከላይኛው ደርብ መተላለፊያ ላይ የሚከፈት መስኮት ያለው ክፍል መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል፤ ሰው አጠገቡ ይመላለሳላ። በመካከለኛው ደርብ፣ ከመርከቡ ርዝመት መሃል አካባቢ ያለው ይሻላል። በረንዳ ላለው ክፍል ብዙ መጨመር ግን ዋጋ የለውም፤ ወደብ ላይ መርከቦች ጎን ለጎን ሁለትና ሦስት ሆነው ስለሚታሰሩ በረንዳው የሚያየው የጎረቤቱን መስኮት ነው። ወደ መሬት የሚወጣውም በሌላው መርከብ አዳራሽ ውስጥ ታልፎ ነው። ስትመለሱ የመርከባችሁን ስም እወቁ፤ ሲወጡ የሚሰጠውን የመመለሻ ካርድም ማስረከብ አትርሱ፣ ማን እንደቀረ የሚታወቀው በእሱ ነው።

አሁን ስላለው ሁኔታ በጽሑፋችሁ ምንም አልተባለም። ሩሲያ ጦርነት ላይ ናት። የሞስኮ አውሮፕላን ማረፊያዎች በድሮን ምክንያት በድንገት ለሰዓታት ይዘጋሉ፤ መርከብ ደግሞ አይጠብቅም። ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ሞስኮ መድረስ ያስፈልጋል። ዶሞዴዶቮ ያረፈ ሰው በባቡር ፓቬሌትስኪ ጣቢያ ይደርሳል፤ ከዚያ በአረንጓዴው የሜትሮ መስመር ሳይቀይር ሬችኖይ ቮክዛል ይወርዳል፣ ወደቡ በእግር ነው። መርከቡ ካመለጠው በመኪና ኡግሊች ሄዶ ሊቀድመው ይችላል።

በውጭ አገር ባንክ የተሰጠ ቪዛና ማስተርካርድ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ አይሠራም፤ የኛ ባንኮችም ካርድ እንዲሁ። ያልታጠፈና ያልተጻፈበት ዶላር ወይም ዩሮ ይያዝ፣ ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ ይመዝገብ። ሐይቆቹ ላይ የስልክ መረብ የለም፤ ከተማም ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሆን ተብሎ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ትኬቱንም ካርታውንም በወረቀት ያዙ። የምዕራብ አገር ኩባንያዎች ከ2022 ወዲህ ከገበያው በመውጣታቸው ተሳፋሪው በአብዛኛው ሩሲያዊ፣ ገለጻውም በሩሲያኛ ሆኗል። የእንግሊዝኛ ቡድን አለ ከተባለ በውሉ ላይ ይጻፍ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ለዚያም ከሩሲያ አስጎብኚ ድርጅት የሚላክ ማረጋገጫ። ያለ ቪዛ 72 ሰዓት የሚባለው ፈቃድ በባሕር ለሚመጡ የጀልባና የመርከብ ተሳፋሪዎች እንጂ ለወንዝ ጉዞ አይሆንም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ መያዝም ለዚህ ምንም አይረዳም። የእስራኤል ፓስፖርት ያላቸው ወገኖቻችን ለ90 ቀን ቪዛ አይጠየቁም። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላቸው ደግሞ መንግሥታቸው ወደ ሩሲያ አትሂዱ የሚለውን ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ እንዳወጣ፣ የጉዞ መድኅናቸውም በዚህ ምክንያት ላይከፍል እንደሚችል ይወቁ።

ፒተርስበርግ ላይ መርከቡ የሚያርፈው ከመሃል ከተማ ርቆ፣ ከታዋቂዎቹ ተከፋች ድልድዮች በላይ ነው። ስለዚህ የቤተ መንግሥት ድልድይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ሲከፈት ለማየት በትንሽ ጀልባ ለብቻ መውጣት ያስፈልጋል። የሞስኮና የአዲስ አበባ ሰዓት እኩል መሆኑ ደግ ነው፤ የመርከቡ ሰሌዳ ግን 01:10 እያለ እንደሚጽፍ አይዘንጋ። በመጨረሻም መነሻና መድረሻው የሳምንቱ የትኛው ቀን እንደሚሆን ቁጠሩ፦ የሞስኮ ክሬምሊን ሙዚየሞች ሐሙስ፣ የፒተርስበርጉ ኤርሚታዥ ሙዚየም ሰኞ ይዘጋሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ